«የድሮ ዕቃ ነፍስ ነበረው» ለሚለው ጽሑፍ፦ ስለ ኩራዝ፣ ካውያ፣ ምጣድና ካሴት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በአዲስ አበባ ዳርቻ ያደጉበትን ቤት እያስታወሱ ስለ ድሮ ዕቃዎች ስድስት ነገር ይላሉ። የኩራዝ ብርሃን ለዓይን ይስማማ ነበር፤ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ሱሪ መስመሩ አይጠፋም ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የእንጀራን ዓይንም ጣዕምም አጠፋ፣ ሲበላሽም ይጣላል፤ የባትሪ ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዳግም ይሠራ ስለነበር የሚባክን ነገር አልነበረም፤ ካሴት እንደ ዛሬው ዘፈን በአንድ ንክኪ የሚጠፋ አልነበረም፣ ድምፁም «ሙቀት» ነበረው፤ በመጨረሻም እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ዛሬ የሉም። «ዕቃው ነፍስ ነበረው» የሚለው ቃል የጽሑፉ ማሰሪያ ነው።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው፤ እኛም የምንመልሰው ከልብ ነው። በስድስቱም ነጥቦች ላይ የምናየው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ የሰው እጅ የሠራውን ሥራ ለዕቃው መስጠት። የፋኖሱን ክር የሚከረክም፣ ካውያውን የሚያራግብ፣ ከምጣዱ ሥር እሳቱን እየገፋ የሚያስተካክል ሰው ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ነበረች። ያ ሙያ ሳይነሳ ዕቃው ብቻ ሲወደስ ባለሙያዋ ከታሪኩ ትወጣለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበረ እንናገራለን።

«ዛሬ የሉም» ከሚለው እንጀምር፤ አጭር መልስ ይበቃዋልና። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ኮዬ ፈጬ መብራት በሄደበት ምሽት ዞር ዞር ያለ ሰው ከሰል ተመዝኖ በፌስታል ሲሸጥ ያያል። በልብስ ንጽሕና ቤቶች መደርደሪያ ሥር የከሰል ካውያ ተራውን ይጠብቃል። በየበረንዳው ያለ ልብስ ሰፊ ዛሬም የእግር መኪና የሚመርጠው በትዝታ ብዛት አይደለም፤ መብራት ቢሄድም ሥራው ስለማይቋረጥ ነው። የቆዳ ቀበቶው ላልቶ ተሽከርካሪው መንሸራተት ሲጀምር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ ጫፎቹን በሽቦ መልሶ ማያያዝ ይበቃል። አብዝቶ ካሳጠረው ግን መርገጫው ይከብደውና ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ እያለ «የሉም» ማለት ሠራተኛውን ከነሥራው መርሳት ነው።

ወደ ኩራዙ እንለፍ። ኩራዝ ማለት ላምባ የያዘ ቆርቆሮና በክዳኑ በኩል የወጣ የጥጥ ክር ነው። መስታወት የለውም። ነፋስ እንዳገኘው ያወዛውዘዋል፣ እሳቱ አየር በወጉ ስለማያገኝም ይጨሳል። እንዲህ ያሉ ክፍት የክር መብራቶች ሲለኩ ከተቃጠለው ላምባ በክብደት ከ100 እጅ ከ7 እስከ 9 እጅ የሚሆነው ጥላሸት ሆኖ ወደ ቤቱ አየር ይወጣል። ጠዋት አፍንጫ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ነገር እሱ ነው። ብርሃኑ በብርሃን መለኪያው በሉመን 10 ቢሆን ነው፤ የድሮው 60 ዋት አምፖል ደግሞ ከ700 ሉመን በላይ ይሰጣል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የሚያጠና ልጅ ደብተሩን ከእሳቱ አንድ ስንዝር ላይ አስጠግቶ ከጭሱ ጋር ይተነፍስ ነበር። ይህ ለዓይን የሚስማማ ብርሃን አይደለም።

ጸሐፊው የሚያስታውሱት ለስላሳ ብርሃን የፋኖስ ሊሆን ይችላል። ፋኖስ አየሩን ከታች ስቦ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚያሳልፍ እሳቱ ይረጋል። ያም ቢሆን ጥሩ የሚበራው ክሩ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ሲከረከምና መስታወቱ በየቀኑ ሲወለወል ነው። ክሩ በአንድ በኩል ቀንድ ካወጣ እሳቱ በዚያው በኩል ሽቅብ ይወጣና መስታወቱን ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቀዋል። ለሁለቱም የሚሆን ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ላምባ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ከተቀላቀለ በመያዣው ውስጥ የሚጠራቀመው ትነት ሊፈነዳ ይችላል። ቀድተው እያሉ የቤንዚን ሽታ ከሸተተዎት አይለኩሱት።

ስለ ካውያው ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በከሰል ካውያ የተተኮሰ የሱሪ መስመር በእርግጥ ይቆማል። ምክንያቱ ግን ከሰሉ አይደለም። የብረቱ ካውያ ከነፍሙ 4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የኤሌክትሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ክብደቱና በሱሪው ላይ የሚነጠፈው እርጥብ ጨርቅ ናቸው መስመሩን የሚያቆሙት። ሙቀቱ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፣ እንፋሎቱ ክሩን ያለሰልሳል፣ ክብደቱ እንዳጠፉት አድርጎ ያደርቀዋል። በኤሌክትሪክ ካውያም እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ፣ ጫን ብሎ፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ሳያንሸራትቱ መያዝ ተመሳሳይ መስመር ይሰጣል።

የከሰሉን አሠራር በወጉ ለሚፈልግ እነሆ። ከሰሉ የግራር ቢሆን ይመረጣል፤ ፍሙ ይቆያል። እንቁላል በሚያህል መጠን ተሰብሮ ውጭ ላይ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉና ጭሱ አልቆ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል። ካውያው ሁለት ሦስተኛ ድረስ ይሞላል እንጂ ጢም አይደረግም፤ አየር ካላገኘ ፍሙ ይታፈናል። ክዳኑ ተቀርቅሮ ደጅ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፦ ይህ ፍሙን ያነቃዋል፣ አመዱንም በቀዳዳዎቹ ያስወጣል። ነጭ ሸሚዝ ላይ የሚያርፈው ግራጫ ነጠብጣብ ይህን ሳያደርጉ ከመጀመር የመጣ ነው። ከዚያ የታችኛው ፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና በጨርቅ የተጠቀለለ ሻማ ይታሽበታል፤ እንዲንሸራተት። የውሃ ጠብታ ሲረጭበት ተንከባልሎ ከዘለለ ለጥጥ ደርሷል። ለናይለንና ለፖሊስተር ግን ያ ሙቀት ብዙ ነው፤ ጥጥ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲችል እነሱ ከ150 በታች ነው የሚፈልጉት። የከሰል ካውያ ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ቴርሞስታት የለውም፤ ቴርሞስታቱ የሠራተኛዋ ዕውቀት ነበር። መጀመሪያ የጥጡን ተኩሳ፣ ፍሙ ሲደክም ወደ ስሱ ልብስ ትሄዳለች። አሁንም የምትጠቀሙበት ካላችሁ በርና መስኮት ከፍታችሁ ይሁን፤ የከሰል ጭስ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ምጣዱ፣ ብዙ ቤት ወደሚያከራክረው ነገር እንምጣ። «የኤሌክትሪክ ምጣድ የእንጀራን ዓይን አጠፋ» ይላሉ ጸሐፊው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ለእንጀራም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ምጣዶች የሸክላ ናቸው። ዓይን የሚመጣው በሊጡ ውስጥ በእርሾው የተፈጠረው አየርና የውሃው እንፋሎት ከታች በሚመጣ ድንገተኛ ሙቀት ተገፍተው ሲወጡ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በደንብ የቦካ፣ አብሲት የገባለት ሊጥ ነው። አብሲቱ በፈላ ውሃ የበሰለ ሊጥ ሆኖ ሌላውን ስለሚያያይዘው አየሩ የሚይዘው ግድግዳ ያገኛል፤ አብሲት የሌለው ወይም ጥሬ አብሲት የገባበት ሊጥ በማንኛውም እሳት ላይ ዓይኑ ይጠፋል። ሁለተኛው ሊጡ ባረፈበት ቅጽበት ምጣዱ በቂ ሙቀት መያዙ ነው። ከቀዘቀዘ ዓይኑ ሳይከፈት ሊጡ ይረጋና ይጣበቃል፤ ከጋለ ሥሩ ቀድሞ ያርራል።

እንግዲህ በከተማው ዳርቻ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፤ ይህም በ220 ቮልት ነው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ፣ በተለይ ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለ ቤት፣ መብራቱ ይደክማል። ኃይሉ የሚወርደው ደግሞ በቮልቴጁ ልክ አይደለም፤ በካሬው ነው። 160 ቮልት ሲደርስ ምጣዱ የሚሰጠው ከ1,900 ዋት አይበልጥም፤ ከሚገባው ሙቀት ግማሽ ነው ማለት ነው። እናቶች «የመብራት ምጣድ ዓይን አያወጣም» ሲሉ ትክክል የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ለጎረቤት ሁሉ የሚጠቅም ነው፦ ከማታው ሰዓት ሸሽቶ ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ መጋገር። መብራቱ በደከመበት ቀን ማሞቂያውን ከ10 ደቂቃ ወደ 20 እና 25 ማሳደግ፣ አንዱ ከወጣ በኋላም ሁለት ደቂቃ ከድኖ ሙቀቱ እስኪመለስ መቆየት፣ ሊጡንም ሳሳ አድርጎ ማፍሰስ። አክንባሎው ጠርዙ ላይ ገጥሞ መቀመጡን ማየትም ያስፈልጋል፤ በጠርዝ የሚያመልጥ እንፋሎት የእንጀራውን ዳር ያደርቀዋል።

ምጣዱ ላይ የሚጣበቀው ሌላው ምክንያት አለመሟሸቱ ነው። አዲስ ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ እርጥበቱ ሳይወጣ ቶሎ ከጋለ በሸክላው ውስጥ ያለው እንፋሎት ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የተፈጨ የጎመን ዘር ይበተንበትና በጨርቅ ይታሻል፤ ጨሶ ሲያልቅ ተጠርጎ እንደገና። ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ይደጋገማል። ይህ የዘሩ ዘይት በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ተቃጥሎ የሚሠራው ሽፋን ነው። በሳሙና ማጠብ ወይም በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የአንድ ቀን ድካም ያጠፋል።

የእንጨቱን ምጣድ ጣዕም በተመለከተ፣ የጭስ ሽታ የለመደ ሰው ሲቀርበት ልዩነት ቢሰማው አንከራከርም። የዋጋው ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። የእንጦጦን ባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ብዙውን ሙቀት በጎን ይለቃል፤ ጋጋሪዋ አንገቷን ደፍታ እሳቱን ወደ ጠርዝ እየገፋች ነው ዳሩን የምታበስለው። ጸሐፊው የሚያወድሱት ያ እኩል የበሰለ እንጀራ የእሷ እጅ ነው። በእንጨት መጋገር ግድ ለሚሆንበት ቤት ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ደግሞ መጋገሪያው የጋራ መጠቀሚያው ቤት እንጂ ደረጃው ሥር አይደለም፤ ጭሱ ደረጃውን ይዞ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል።

«ሲበላሽ ይጣላል» የሚለውም ስህተት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ለጥገና የሚመች ነው። ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ጥቅልል ሽቦ አለ፣ በላዩ ጀሶ ተደፍቶበታል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሁለት ቦታ ነው፦ ጫፉ ከመብራቱ ገመድ ጋር በሚታሰርበት ወይም በስንጥቅ ሊጥ በሰረገበት። ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ተገልብጦ ጀሶው ይፋቅና የተበጠሰው ይገኛል። አንዳንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ቆርጦ የቀረውን ስቦ ያያይዘዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሽቦው ሲያጥር ኃይሉ ይጨምራል። የ3,500 ዋት ምጣድ ሽቦ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ወደ 3,900 ዋት ይጠጋል፣ የሚስበውም ከ16 አምፔር ወደ 18 አምፔር ገደማ ይወጣል። ተራው ሶኬት የተሠራው ለ16 ነው። «ከተጠገነ በኋላ ሶኬት ያቀልጣል» የሚባለው ምጣድ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ረጅም ቁራጭ ከተቃጠለ ሙሉውን ሽቦ መቀየር ይሻላል። ጀሶው ከተደፋ በኋላ ቀናት ተሰጥቶት ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ ከተሰካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመሬት ሽቦው ከብረት አካሉ ጋር መታሰሩን ሳያዩ አይቀበሉ። የምጣዱ መስመር ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሁን፣ በዲቫይደርም ፈጽሞ አይሰካ።

የባትሪ ድንጋዩን ነገር በአጭሩ። ፀሐይ ላይ የተሰጠ ድንጋይ ጥቂት ይሠራ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን የኬሚካል ሥራ ያፋጥነዋል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርም። የዚህ ድንጋይ ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ነው፣ ኃይሉን የሚሰጠውም ራሱ እየተበላ ነው። ተዳክሞ እያለ ሲያሞቁት፣ ሲቀጠቅጡት ወይም በጥርስ ሲነክሱት የሳሳው ቆርቆሮ ይበሳና ፈሳሹ የሬዲዮውን ስፕሪንግ ይበላዋል። ስንት ሬዲዮ የሞተው በዚህ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያለበት ሬዲዮ ካላችሁ፣ ድንጋዩ ተራው ዓይነት ከነበረ በውሃ በተለወሰ የመጋገሪያ ሶዳ፣ አልካላይን ከነበረ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጥጥ አርሶ መጥረግ፣ ከዚያ በአልኮል ማድረቅ ነው። ያለቀውን ድንጋይ ሰብሮ ጥቁሩን ዱቄት ለሰሌዳ ማጥቆሪያ ማዋልም ቁጠባ ተብሎ ተወድሷል። ዱቄቱ የማንጋኒዝ ውሁድ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ክፍል የሚተነፈስ ነገር አይደለም።

ካሴት ይቀረናል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው ነገሩን እኛም ስለምንወደው ነው። ፊሊፕስ የዚህን ዓይነት ካሴት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እኛ ዘንድ የሙዚቃ ሸክላ እየቀረ ሲሄድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተዘፈነው፣ የተሰበከው፣ የተተረከው፣ በየቤቱ የተቀዳው የአያቶች ድምፅ ያለው ካሴት ላይ ነው። «አይጠፋም» የሚለው እምነት ዛሬ ጉዳት ያደርሳል፤ ካርቶን ውስጥ ያለው እየጠፋ ነውና።

ጥብጣቡ ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ነው፣ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር ይሄዳል። የ60 ደቂቃው ካሴት ወደ 86 ሜትር ጥብጣብ ይይዛል፣ ውፍረቱም 18 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የ90ው 12፣ የ120ው 9። ለዚህ ነው የ120ው ቶሎ የሚበላው። «ቴፑ ካሴት በላ» ስንል የሆነው ይህ ነው፦ ጎማዋ ተሽከርካሪ ጥብጣቡን ወደፊት መግፋቷን ስትቀጥል የሚጠቀልለው ጎን በላላ ቀበቶ ወይም በደከመ ድንጋይ ምክንያት ይቆማል፤ የተገፋው ይከማቻል፣ ጎማዋ ላይ ይጠመጠማል። ድምፁ ሲጎተት ወዲያው ማቆም እንጂ መጠበቅ አያስፈልግም። በቢክ እስክርቢቶ ማጠንጠን ድንጋይ ለመቆጠብ ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ባለ ስድስት ጎኑ እስክርቢቶ ከካሴቱ ጥርሶች ጋር ይገጥማል። ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ ኮፒ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሹሹታ ይጨምራል፣ ቀጭኑን ድምፅም ይቀንሳል። ጸሐፊው «ሙቀት» የሚሉት ብዙ ጊዜ የዚህ ቀጭን ድምፅ መጉደል ነው።

ያለውን ለማትረፍ፣ የሚሠራ ቴፕ በመርካቶው ምናለሽ ተራም ሆነ በሰፈር ጠጋኝ ዘንድ እስካለ ድረስ፣ ሥራው ይህ ነው። በመጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፣ በስህተት በላዩ እንዳይቀዳ። ሻጋታ የሚታይበት ካሴት ቴፕ ውስጥ አይግባ፤ ሄዱን፣ ማለትም ድምፁን ከጥብጣቡ የሚያነበውን ክፍል፣ በክሎ ሌላውን ካሴት ያበላሻል። በመስኮቱ በኩል ጥብጣቡን የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ መኖሩን እዩ፤ ወድቆ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ ከሌላ ባዶ ካሴት ተነቅሎ ይተካል። ሄዱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ ቡኒው ዱቄት እስኪያልቅ። ጎማዋን በሳሙና ውሃ ጥረጉና ትድረቅ። ካሴቱን ሳያጫውቱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አጠንጥኑት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። ድምፁ ታፍኖ ከቀረ ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባትን ብሎን እያዳመጣችሁ በጣም በትንሹ አዙሩ፣ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት እስኪሉ። የተበጠሰ ጥብጣብ ሁለቱ ጫፎች ገደድ ተደርገው ተቆርጠው በጀርባው በኩል፣ ሄዱን በማይነካው ፊት፣ ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ ይያያዛሉ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፕላስተር ሙጫው እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ስለሚያጣብቅ አይሆንም።

ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ በ3.5 ሚሊሜትር ገመድ አገናኙ፤ በስልክ በቀጥታ ከሆነ ማይክ መግቢያው አንድ ጆሮ ብቻ ይወስዳል፣ ድምፁንም ያሻክረዋል። በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት፣ ሳይጨመቅ ቅዱ፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ሹሹታውን ለማጽዳት አትቸኩሉ፤ ያልተነካው ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፣ በፋይሉ ስም ላይም የተናጋሪው ስም፣ ዓመቱና «ሀ ገጽ» ወይም «ለ ገጽ» ይጻፍበት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዘፈን ካሴት ጀምሩ፤ የአያታችሁን ድምፅ የያዘው እጃችሁ ከለመደ በኋላ ይሁን።